ባዶ ክብደት

ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ፒያሳን ሸፍኖ፣
ሰው ከወገቡ በታች ጠፍቶ፣ ጭንቅላት ብቻ ሆኖ፣
ድምፄን ነበር የማስቀድመው፦ «ኪሎ! ኪሎ እዚህ ጋ!»
ከባንኩ ደረጃ ስር፣ ብርዱ እግሬን ሲወጋ።

ሚዛኑ የኪራይ ነው፣ የጋሽ ሙህዬ ንብረት፤
ከሃምሳ ሳንቲሟ ላይ ሠላሳው ለእሳቸው፣ ሃያዋ ለእኛ ቤት።
መስታወቱ ስንጥቅ፣ መርፌው ጭንቀታም፣
ማንም ሳይወጣበት ሁለት ላይ የሚቆም።
«ጋሼ፣ ይዋሻል» ብላቸው፣ ጢማቸውን ዳስሰው፣
«ሁለት ኪሎ ቢመረቅ የሚከፋስ ማነው? አምጣልኝ ያንን ሰው!»

መረቅኩ። ደሴን ሙሉ መረቅኩ።
የእህል ነጋዴው መቶ ሲሞላ
ለጓደኞቹ ጮኸ፣ ሆዱን በመዳፉ እየመታ።
ፖሊሱ «በሚቀጥለው» ብሎ ሄደ።
አንዷን ብቻ ከፋት፤ ለሰርጓ አሥር ቀን የቀራት፣
ጫማዋን፣ ነጠላዋን፣ ጉትቻዋን ሳይቀር አውልቃ የወጣች፤
ሁለት ኪሎ ምርቃቴን እንደ እርግማን ይዛ ወረደች።
ከኩታበር ሆስፒታል የሚመላለሱ አንድ አዛውንት
ሰኞ ሃምሳ አንድ፣
በሳምንቱ አርባ ስምንት፣
በሌላው ሰኞ አልመጡም።
መቀነስን ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ድንጋዩ ስለሚያጋድል ደብተሬን አጥፌ ከስሩ እሸጉጥ ነበር።
ከሰዓት ፈረቃዬ ላይ መምህር አስናቀ ገለጡት፤
ክፍልፋዩ ተደፍጥጧል፣ ገጹ ጭቃ ጠጥቷል።
«ምን ሆኖ ነው?»
«ደሴ ቆሞበት ነው» አልኩ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።
በነጋታው አዲስ ደብተር ሰጡኝ፣ ከአንዲት ስስ ጣውላ ጋር፤
«ጣውላዋ ለሚዛኑ ናት፣ እንዳትሳሳት» አሉኝ።

እማዬ መዲና አሸዋ ታመላልሳለች፣ ሆጤ ከሚሠራ ፎቅ፤
«ነይ ልመዝንሽ» ስላት፣
«ድሃ ምኑ ይመዘናል፣ ሲራመድ የሚታወቅ!»
አንድ ክረምት ግን፣ ታይፎይድ ይዟት ሦስት ሳምንት ተኝታ፣
ግድግዳውን ተደግፋ ወጣችበት፣ ማታ።
ኩራዙን አስጠግቼ ጎንበስ አልኩ። አርባ ሦስት።
ከአርባ ሦስት ላይ ሁለት ሲቀነስ…
«ስንት ነኝ?»
«አርባ ስምንት» አልኳት።
በጋሽ ሙህዬ ሁለት ላይ የራሴን አምስት መረቅኳት።
«አሚን» አለች። ወረደች። ጋቢዋን ደረበች።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከሐረጎ ጥምዝምዝ ግርጌ፣ ከደረቅ ወደቡ በር፣
በባቲ በኩል የመጣው ተሳቢ አቧራውን ይዞ ሲደረደር።
መኪና ሁለቴ ይመዘናል፤
አንዴ ከነጭነቱ፣ አንዴ ተራግፎ።
ቅጹ ላይ «ባዶ ክብደት» ይላል።
አሰልጣኙ እሷን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ፤
እኔ ፒያሳ ጨርሻት ነበር።

«ወንድሜ፣ ሁለት ኩንታል ብቻ ቀንስልኝ» ይለኛል አንዱ ሾፌር፣
መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጣቶቹ መሃል የታጠፈ ብር።
«የለመድኩት መጨመር ነው» እለዋለሁ።
ይሰድበኛል። ቁጥሩን እንዳለ እጽፋለሁ።
እጄ ግን ይንቀጠቀጣል፣ እንደዚያ መርፌ።

ማታ ግቢው ጭር ሲል፣ ጫማዬን አውልቄ እቆማለሁ ብረቱ ላይ።
ስልሳ ይላል።
ሃያ ሃያ እየዘለለ ነው የሚቆጥር፤ መሃል ያለውን ሰው አያይ።

እማዬ አብራኝ ናት። የኮምቦልቻን ሙቀት እየረገመች
የደሴን ብርድ ታሞግሳለች፣ እንዳላንቀጠቀጣት።
ባለፈው ሳምንት ከመቀነቷ ፈትታ
ሃምሳ ሳንቲም መዳፌ ላይ አስቀመጠች።
«ምንድን ነው?»
«የዚያን ማታ ነው። ሳልከፍልህ የቀረሁት።»
ዝም ብዬ ተቀበልኳት።
«ለጨመርክልኝ ግን አልከፍልም» አለች፣ ፊቷን ወደ ድስቱ መልሳ፤
«ምርቃት ይሸጣል እንዴ?»